ልጆቻችን ቻይናን እንደ ምን ይወቁ

በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተነገረ ዲስኩር



በዚህ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከኪዳነ ምሕረት ቅጽር ቆሞ ቁልቁል አዲስ አበባን የሚመለከት ሰው፣ ቻይና የምትባለው አገር ከእኛ እጅግ ሩቅ ናት ብሎ ለመናገር አይደፍርም። በጥር ወር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሮ ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች የሚያልፈው የከተማ ባቡር፣ እነዚህ ሁሉ የቻይና መሐንዲሶች ከእኛ ሠራተኞች ጋራ የደከሙባቸው ሥራዎች ናቸው። ዓይኑን ከከተማው አንሥቶ ወደ ተራራው ራስ ቢያቀናም በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ የተሠራውን የእንጦጦ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ያገኛል፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው የታይዩዋን ማምጠቂያ ወደ ጠፈር የወጣችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት የምድር ጣቢያዋ የተተከለው በዚሁ ግቢ ውስጥ ነውና።

እንግዲህ ልጆቻችን ቻይናውያን በሠሩት መንገድ ይሄዳሉ፣ በባቡሩ ይሳፈራሉ፣ በዚያው አገር የተሠራ ስልክ በእጃቸው ይይዛሉ፤ ይህን ሁሉ የሚሠራው ሕዝብ ማን እንደ ሆነ፣ አባቶቹ ምን እንደ ጻፉና ምን እንደ ተማሩ፣ ስለ ምንስ መከራ እንደ ተቀበሉ ብትጠይቋቸው ግን፣ የብዙዎቹ መልስ በፊልም ካዩት የኩንግ ፉ ትርኢት አያልፍም። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ስለዚህ ጉድለትና ስለ መድኃኒቱ ለመናገር ነው።

በክፍለ ከተማችን በየካ፣ በላምበረት አካባቢ በሚገኘው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የቻይናን ቋንቋና ባህል የሚያስተምሩ የኮንፊሽየስ ተቋሞች ሥራ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ በዚህም ምክንያት የቻይናን ባህል ለተማሪ የሚያስተዋውቅ ዐውደ ጥናት ወይም የባህል ቀን ለከተማችን እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ተማሪዎች በብሩሽ መጻፍን፣ ቀይ ወረቀት በመቀስ እየቀረጹ አበባና ወፍ ማውጣትን፣ ታይ ቺ የሚባለውን ዝግ ያለ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ በቻይንኛ መዝፈንን ይሞክራሉ፤ «የቻይንኛ ድልድይ» በተባለው ዓለም አቀፍ የቋንቋ ውድድርም የእኛ ወጣቶች ይሳተፋሉ። ይህ በጎ ሥራ ነው፤ እኔም የማመሰግነው እንጂ የምነቅፈው አይደለም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ቀን ቀይ ልብስ ለብሶ፣ ጭፈራ አይቶ፣ በእንፋሎት የበሰለ ምግብ ቀምሶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በመለያየት ብቻ ከተፈጸመ፣ ልጁ የተዋወቀው ከቻይና በዓል ጋራ እንጂ ከቻይና ጋራ አይደለም። እኛም በበኩላችን ለውጭ እንግዳ ነጠላ አልብሰን፣ ቡና አፍልተን፣ እስክስታ አሳይተን ስንሰድደው፣ ያሬድንና ቅኔን፣ ገድልንና ዜና መዋዕልን ሳያውቅ ኢትዮጵያን አየሁ ብሎ ይመለሳል፤ በራሳችን ላይ ሲደርስ የሚያሳዝነንን ነገር በሌላው ጥንታዊ ሕዝብ ላይ ልናደርገው አይገባንም።

ለልጆቻችን የምናዘጋጀው ዐውደ ጥናት መጀመሪያው ምን ይሁን ብትሉኝ፣ ቀለም ይሁን እላለሁ። ቻይናዊው ጸሐፊ ቀለሙን የሚያገኘው ከጥድ ጥላሸትና ከእንስሳ ሙጫ ተለንቅጦ በደረቀ በትር ነው፤ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጥቂት የውኃ ጠብታ ያፈስስና በትሩን በዝግታ እያዞረ ይፈጨዋል፤ ውኃው እስኪጠቁርና እስኪወፍር ድረስ የሚያሳልፈው ጊዜ ለእርሱ የሚባክን ጊዜ አይደለም፤ ልቡን የሚሰበስብበትና የሚጽፈውን የሚያስብበት ነው እንጂ። ከዚያም ከፍየል ጠጉር የተሠራውን ብሩሽ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ የእጁን አንጓ ከጠረጴዛው ያነሣል፣ ትንፋሹንም ይገዛል። እያንዳንዱ ፊደል የሚጻፍበት ሥርዓት አለው፤ ዛፍን የሚያመለክተውን ፊደል የሚጽፍ ሕፃን አስቀድሞ አግድሙን፣ ቀጥሎ ቁልቁሉን፣ ከዚያ ግራውን፣ በመጨረሻ ቀኙን ያወርዳል፤ ቅደም ተከተሉን ቢያፋልስ መልኩ ቢመስልም እንኳ መምህሩ አይቀበለውም።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልመለስ። የብራና ጸሐፊያችን የፍየሉን ቆዳ በመወጠሪያ ወጥሮ ይፍቃል፤ ካለሰለሰው በኋላ በወስፌ እየወጋና እያሰመረ መስመሩን ያበጃል፤ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል ቀምሞ ወራት ያስቀምጠዋል፤ ብርዑን ከሸምበቆ ቀርጾ፣ ብራናውን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል፤ ስመ እግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ሲደርስ ጥቁሩን ትቶ በቀይ ያደምቃል። ስለዚህ የምለምነው ይህ ነው፤ የቻይናው የብሩሽ መምህር ወደ ትምህርት ቤታችን በሚመጣበት ቀን፣ የእኛ ብራና ፋቂና ጸሐፊ ከአጠገቡ በእኩል ወንበር ይቀመጥ። ልጁ በቀኝ እጁ ብሩሹን ከሞከረ በኋላ በዚያው እጁ ሸምበቆውን ይያዝ። ቻይናውያን ካይ ሉን በተባለው ባለሥልጣናቸው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ105 ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ ከዛፍ ልጥ፣ ከቃጫ፣ ከአሮጌ ጨርቅና ከዓሣ መረብ ወረቀት የመሥራትን ብልኃት እንዳሻሻሉ፣ ይህም ብልኃት ዓለምን ሁሉ ዞሮ መጨረሻ ወደ እኛም እንደ ደረሰ፣ ልጁ የሚሰማው ሁለቱንም በእጁ ከዳሰሰ በኋላ ቢሆን አይረሳውም።

ከቀለም ቀጥሎ የሚመጣው ትምህርት ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ። በጥንቷ ቻይና አንድ ሕፃን ወደ መምህር ሲገባ የመጀመሪያ መጽሐፉ በየሐረጉ ሦስት ሦስት ፊደል ብቻ የያዘ አጭር የምክርና የታሪክ ድርሰት ነበር፤ ትርጓሜው ሳይነገረው ከጓደኞቹ ጋራ በአንድ ድምፅ እየጮኸ በቃሉ ይይዘዋል። መምህሩ ሲጠራውም መጽሐፉን ያስረክብና፣ ገጹን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባውን ወደ መምህሩ አዙሮ፣ የተማረውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይወጣዋል። እዚህ ከመካከላችሁ ሀ ሁ ብሎ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳን ዘልቆ፣ መልእክተ ዮሐንስን በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ተወጥቶ፣ ዳዊት የደገመ አባት ይህን ሲሰማ፣ የዚያን ቻይናዊ ሕፃን ፍርሃትና ድካም ከማንም አስተርጓሚ ይልቅ ራሱ ያውቀዋል። ዘልቆ የሚሄደውም ተማሪ በዚያ አገር የፈላስፋውን የኮንፊሽየስንና የተከታዮቹን መጻሕፍት ያጠናል፤ በታንግ ነገሥታት ዘመን ለከፍተኛው ፈተና የሚቀርብ ሰው በተወሰነለት ምጣኔና ቤት ግጥም መድረስ ግዴታው ነበረ፤ የእኛ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ዕጣነ ሞገር ቅኔ እየቆጠረ በመምህሩ ፊት እንደሚፈተነው ማለት ነው። ልዩነቱ በፍጻሜው ላይ ነው፤ ቻይናዊው ፈተናውን ሲያልፍ የመንግሥት ሹም ይሆናል፣ የእኛው ሊቅ ግን መርጌታ ወይም የመጻሕፍት መምህር ሆኖ ቤተ ክርስቲያንን ያገለግላል።

ይህም ታላቅ ፈተና ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ካስቆጠረ በኋላ፣ የአውሮፓ ኃይል በየወደቡ በገባበትና የጥንቱ ትምህርት አገር ለመጠበቅ አልበቃም በተባለበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ተሻረ። በሦስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ ከዚህ ተራራ ሥር በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሁለቱ አገሮች ሳይመካከሩ፣ በአንድ ዘመን፣ አንዱን ጥያቄ ተጠየቁ፤ የአባቶችን ትምህርት ይዞ አዲሱን ጥበብ መጨመር ይቻላልን ወይስ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል? በእኔ አስተያየት ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም የታሪክ ጥያቄ የለም፤ ዐውደ ጥናቱ የግማሽ ቀን ጊዜ ብቻ ቢኖረውና አንድ ነገር መምረጥ ግድ ቢሆን፣ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ሌላም በዚህ ደብር ሊቃውንት ፊት ሳልናገረው የማላልፈው ነገር አለ፤ እርሱም ባሕረ ሐሳብ ነው። ቻይናውያን ወራቸውን የሚቆጥሩት በጨረቃ ሲሆን፣ ዓመታቸውን ግን ከፀሐይ እንዳይርቅ ይጠብቁታል። ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ናቸውና ከፀሐዩ ዓመት 11 ቀን ይጎድላሉ፤ ይህም የአበቅቴያችን መነሻ የሆነው ያው 11 ነው። ቻይናውያን ጉድለቱን የሚሞሉት በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ዐሥራ ሦስተኛ ወር በመጨመር ነው፤ እኛ ደግሞ 19ኙን ዓመት ንዑስ ቀመር ብለን፣ ከአበቅቴና ከመጥቅዕ ተነሥተን ጾመ ነነዌን፣ ዐቢይ ጾምንና ትንሣኤን እናወጣለን። አንዱ አዲስ ዓመቱን ለማክበር፣ ሌላው ትንሣኤውን ለማወቅ፣ ሁለቱም አንዲቱን ጨረቃ እየተመለከቱ በአንድ ቁጥር ላይ ተገናኙ። የሒሳብ መምህሩና የደብሩ ባለ ባሕረ ሐሳብ አንድ ላይ ሆነው ይህን በሰሌዳ ቢያሳዩ፣ ሒሳብ የሰለቸው ልጅ እንኳ አንገቱን ቀና አድርጎ እንደሚሰማ አምናለሁ።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። በሦስተኛው መቶ ዓመት ማኒ የተባለው የፋርስ ሰው የዓለምን ታላላቅ መንግሥታት አራት ብሎ ሲቈጥር፣ ከፋርስና ከሮም ጋራ አክሱምን አኑሯል፤ አራተኛይቱን ብዙ ሊቃውንት ቻይና ናት ይሏታል። በስድስተኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ አዱሊስ ደርሶ የነበረው ነጋዴ ኮስማስ፣ ሐር የሚመጣባት አገር በምድር ዳርቻ እንዳለች ጽፏል። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላ በተደረገው ቁፋሮም ከመካከለኛው ዘመን የቻይና ሸክላ ስብርባሪ ወጥቷል። ይህን ያህል ይበቃል፤ ሸቀጥ ተጉዟል ማለት ሕዝብ ተዋውቋል ማለት አይደለምና፣ በዚህ ላይ ብዙ የሚገነቡ ሰዎችን አልከተላቸውም።

ለመንፈሳዊ ጉባኤ ከዚህ የሚበልጠው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ781 በዛሬዋ ሺያን ከተማ በቆመ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ635 አሎፔን የተባለ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መነኵሴ ቅዱሳት መጻሕፍትን ይዞ ወደ ንጉሡ ወደ ታይዞንግ እንደ ደረሰና በክብር እንደ ተቀበሉት ተቀርጿል፤ ይህች ቤተ ክርስቲያን በምሥጢረ ሥጋዌ ትምህርቷ ከእኛ የተለየች ብትሆንም፣ የክርስቶስ ስም በዚያን ያህል ጥንት በቻይንኛ መጻፉ ልብን የሚነካ ነገር ነው። በዚያው ንጉሥ ዘመን ሹዋንዛንግ የተባለ የቡድሃ ሃይማኖት መነኵሴ በእግሩና በፈረስ ወደ ህንድ ወርዶ በጉዞና በትምህርት ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ 657 መጻሕፍት ጭኖ እ.ኤ.አ. በ645 ተመለሰ፤ የቀረ ዕድሜውንም በትርጕም ፈጸመው። የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንና የተስዐቱ ቅዱሳን ልጆች ነንና፣ መጽሐፍ ከባሕር ማዶ መጥቶ በአገር ልሳን ሲተረጐም አንድን ሕዝብ ምን እንደሚያደርገው እናውቃለን። ልጆቻችን ሹዋንዛንግን ሲማሩ ሃይማኖቱን አይወርሱም፤ የድካምን መጠን ግን ይማራሉ።

ስለ ቅርቡ ታሪክ ስናወራ ደግሞ የሚጣፍጠውን ብቻ መርጠን እንዳንናገር አደራ እላለሁ። ከጣልያን ወረራ በፊት የነበሩት ሊቃውንቶቻችን ዓይናቸውን ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሲያነሡ ያዩት ጃፓንን ነበር፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው በ1924 ዓ.ም. ስለዚያች አገር መጽሐፍ አሳተሙ፤ ከነጻነት በኋላም ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጻፉ። ምኞታቸው የተቀደሰ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓን ማንቹሪያን ስትይዝ የመንግሥታት ማኅበር ቻይናን እንዳላዳናት ሁሉ፣ ከአራት ዓመት በኋላ እኛንም አላዳነንም፤ ጃፓንም ጣልያን በኢትዮጵያ ላይ ላቋቋመው ግዛት እውቅና ስትሰጥ፣ ራሷ በወረራ ውስጥ የነበረችው ቻይና ግን እውቅና ካልሰጡት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ሆነች። ይህን ነገር በትምህርት ቤቶቻችን የሚያውቀው ተማሪ ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል፤ በመከራ ቀን ያልካደ ሰው ስሙ ሊጠራ ይገባዋልና።

እንዲሁም በሌላ በኩል፣ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር በኮሪያ ተራሮች ሲዋጉ፣ ፊት ለፊት የተሰለፈው ጦር የቻይና ጦር ጭምር ነበር። ይህ ሊሸሸግ አይገባም። ጥር 1956 ዓ.ም. የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤንላይ ኢትዮጵያን ጎብኝተው ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋራ በአሥመራ ተገናኙ፤ ኅዳር 15 ቀን 1963 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት የዲፕሎማሲ ግንኙነት መሠረቱ፤ በተከተለው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ቤጂንግ ወርደው ከማኦ ዜዱንግ ጋራ ተነጋገሩ። በሃያ ዓመት ውስጥ በጦር ሜዳ የተያዩ ሁለት አገሮች በአንድ ማዕድ የተቀመጡበትን ምክንያት፣ ልጆች ጠይቀው ይረዱት፤ እንግዳው መምህርም ቢጠየቅ ቅር የሚለው አይመስለኝም።

ከወላጆች አንድ ሐሳብ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ፤ እርሱም የዘንዶው ነገር ነው። በራእየ ዮሐንስ ዘንዶው የቀደመው እባብ ነው፤ በሥዕለ ቅዱስ ጊዮርጊስም ደራጎኑ ከፈረሱ ኮቴ በታች በጦር ተወግቶ ይታያል፤ እናት ልጇ በትምህርት ቤት በወረቀት የተሠራ ዘንዶ ተሸክሞ ሲጨፍር ብታይ ልቧ ቢደነግጥ አትፈረድባትም። ለዚህ የምሰጠው መልስ፣ ነገሩን አቃልሎ ማለፍ ሳይሆን በግልጽ ማስተማር ነው። በቻይናውያን ዘንድ ያ ፍጥረት ዝናምን የሚያመጣ፣ የወንዝና የደመና ጌታ ተብሎ የሚታሰብ፣ የንጉሠ ነገሥቱም ምልክት የነበረ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን የጠላት ምልክት ነው፤ ልጁ ሁለቱንም ይወቅ፣ የራሱንም ይያዝ። ዓመቶቻቸውን በአይጥ፣ በበሬ፣ በነብር፣ በጥንቸልና በቀሩት እስከ ዐሥራ ሁለት በሚደርሱ እንስሳት መሰየማቸውም እንግዳ አይሁንባችሁ፤ እኛም ዓመቶቻችንን ለአራቱ ወንጌላውያን ስንሰጥ፣ ማቴዎስን በገጸ ሰብእ፣ ማርቆስን በገጸ አንበሳ፣ ሉቃስን በገጸ ላህም፣ ዮሐንስን በገጸ ንስር እየሣልን ነው። ለሙታን አያቶች ዕጣን ማጤስን የመሰለው ሥርዓት ግን በትምህርት ይነገር እንጂ በልጆቻችን እጅ አይፈጸም፤ ይህን ወሰን አስቀድሞ ለእንግዳው በአክብሮት መንገር የትምህርት ቤቱ ድርሻ ነው።

የእጅ ጥበብንም አልረሳሁም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በዚያው በላምበረቱ ኢንስቲትዩት በሉ ባን ስም የተሰየመ የሥልጠና ማዕከል ተከፍቷል። ሉ ባን ከልደተ ክርስቶስ በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት በሉ ግዛት፣ በኮንፊሽየስ አገር፣ የኖረ አናጢ ነው፤ አፈ ታሪኩ እንደሚለው ተራራ ሲወጣ የሣር ጠርዝ እጁን ቢቈርጠው፣ ቅጠሉን አገላብጦ ጥርሱን አየና መጋዝን ፈለሰፈ። ቻይናውያን አናጢውን ለሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በክብር ሲጠሩት፣ እኛ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ፣ ጠይብ እያልን ስናዋርድ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ስድብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ከዐዋጁ በኋላ እንኳ ስንቱ ባለሙያ አንገቱን ደፍቶ አለፈ! ልጆቻችን የሉ ባንን ታሪክ ሲሰሙ ይህንንም አብረው ይስሙ፤ ዝም ብንል ትምህርቱ ጎዶሎ ይሆናል።

ስለ ጊዜው ያለኝ አሳብ እንዲህ ነው። የቻይና አዲስ ዓመት በየዓመቱ ከጥር 13 እስከ የካቲት 13 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ የእኛም ታላቁ በዓለ ኪዳነ ምሕረት የካቲት 16 ነው። ዐውደ ጥናቱ በዚህ ወራት ሁለት ቀን ይሰጠው፤ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የቀለምና የብራና ሥራ፣ ከሰዓት በኋላ የቀመሩ ሒሳብ፤ በሁለተኛው ቀን የትምህርትና የመንግሥታት ታሪክ። ምግቡና ዘፈኑ አይቅር፣ ግን በሁለተኛው ቀን ማታ ይሁን። ብራና ፋቂ፣ ቀለም ቀማሚ ወይም ባሕረ ሐሳብ ዐዋቂ በዘመድ ወይም በጎረቤት የምታውቁ፣ ከዚህ ጉባኤ ሳትወጡ ለመምህራኑ ንገሩልኝ፤ ሰዎቹ እየጠፉ ነው፣ ለእነርሱም እንደ ማንኛውም እንግዳ መምህር የድካማቸው ዋጋ ይከፈላቸው።

እናንተም ተማሪዎች፣ ለቻይናዊው መምህር የምታቀርቡትን ጥያቄ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አዘጋጁ፤ ስለ 1905ቱ ፈተና መሻር፣ ስለ ማንቹሪያ፣ ስለ ሹዋንዛንግ ጠይቁት። ከመካከላችሁ አያቱ ከቃኘው ጋራ ኮሪያ የዘመቱለት ልጅ ካለ ደግሞ፣ በቤት የሚነገረውን ታሪክ ከአባቱና ከእናቱ ጠይቆ፣ ፎቶግራፍም ካለ ጨምሮ ይዞ ይምጣ፤ በሁለተኛው ቀን የመጀመሪያውን ሰዓት ለእርሱ እንሰጠዋለን።